የፊደል መለወጫ ሰንጠረዥ አሠራር፦ ለድሬ ዳዋ የስም መዝገብ

በድሬ ዳዋ የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የደንበኛ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ሰውየው አምና ተመዝግቧል፣ ካርዱም በእጁ አለ፤ ታዲያ ስሙ ሲፈለግ ኮምፒዩተሩ ለምን «የለም» ይላል? መልሱ ብዙውን ጊዜ ከፊደል አያልፍም። ያን ጊዜ የመዘገበው ጸሐፊ «ሐሰን» ብሎ ጽፏል፤ ዛሬ የሚፈልገው «ሀሰን» ይላል። ወይም ስሙ በላቲን ፊደል ሙሉ በሙሉ በካፒታል ገብቶ የሚፈለገው በትንንሹ ነው። ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያየ የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ካልሰጡት በራሱ አያገናኛቸውም።

የፕሮግራም ቋንቋዎች ይዘውት የሚመጡት ሰንጠረዥ በዋናነት ካፒታልን ወደ ትንሽ ፊደል፣ ትንሹንም ወደ ካፒታል የሚለውጥ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ካፒታል የለውም። ስለዚህ «ሎወር» የሚባለው ትእዛዝ አማርኛ ሲሰጡት ምንም ሳይነካ ያልፋል፤ አለመሥራቱንም አይናገርም። በድሬ ዳዋ ነገሩን የሚያከብደው በአንድ መዝገብ ውስጥ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። የዚህ መመሪያ አቋም አንድ ነው፦ ሰንጠረዡ ማነጻጸሪያ እንጂ ማረሚያ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ሰንጠረዡ የሚነካው ከጎኑ የሚቀመጠውን የፍለጋ ቁልፍ ብቻ ይሁን። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከፓይተን 3 እና ከፖስትግሬስ 12 ወይም ከዚያ ከዘገየ ዕትም ነው፤ ሌላ መሣሪያ ቢይዙም አሠራሩ አይለወጥም። ከሁለቱ ሌላ የሚያስፈልግዎ ከእውነተኛው መዝገብ የተወሰደ የስም ናሙና ነው፤ ናሙናውን ግን ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር አያውጡት።

1. ዳታው በምን እንደተጻፈ ይለዩ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የማይመለስ ጉዳት የሚደርሰውም እዚሁ ላይ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ከ1999 ጀምሮ ይዟል፤ የቆዩ የቢሮ ፋይሎች ግን ሁሉም በዩኒኮድ የተጻፉ አይደሉም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ በስክሪኑ ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። በእንዲህ ያለ ፋይል ላይ «ሎወር» ሲያዙ ካፒታሉና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያየ ሆሄ የያዙ ስለሆኑ አንዱ ሆሄ ወደ ሌላው ይዞራል። ሴራ በሚባለው፣ አማርኛን በላቲን ፊደል በሚወክለው ዘዴም እንዲሁ ነው፦ ካፒታሉ ቲ «ጠ»፣ ትንሹ «ተ»፤ ካፒታሉ ሲ «ጨ»፣ ትንሹ «ቸ»። ሁሉንም ወደ ትንሽ ከለወጡት «ጠላ» «ተላ» ሆኖ ይወጣል፤ የትኛው «ተ» ቀድሞ «ጠ» እንደነበር የሚነግርዎ ነገር ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አይቀርም።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ስሞች ወስዶ የእያንዳንዱን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ማየት ነው። ዋናው የግዕዝ ክልል በአሥርዮሽ ከ4608 እስከ 4991 ነው። አማርኛ ነው የተባለው ዓምድ ከዚህ ክልል ውጭ በሆኑ ቁጥሮች ከተሞላ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፤ እስኪቀየር ድረስ ምንም ሰንጠረዥ አይነካው። ፕሮግራም ሳይጽፉ ለማየት ከፈለጉ ደግሞ ፎንቱን ወደ ኒያላ ይለውጡት፤ ጽሑፉ ወዲያው የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ዩኒኮድ አይደለም።

2. ስሙንና ቁልፉን በተለያየ ዓምድ ያስቀምጡ

ለእያንዳንዱ የስም ክፍል፣ ማለትም ለስም፣ ለአባት ስምና ለአያት ስም፣ ሁለት ሁለት ዓምድ ይክፈቱ። አንደኛው የተጻፈውን እንዳለ ይይዛል፤ ሁለተኛው በሰንጠረዡ ያለፈውን ቁልፍ ይይዛል። በስክሪን የሚታየውና በወረቀት የሚታተመው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው።

«ገና ሲመዘገብ አጻጻፉን አንድ ብናደርገውስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ሥራም ያቀላል ይባላል። የሚቆጥበው ቦታ ግን ከምንም አይቆጠርም፤ የሚያስከትለው ጣጣ ይበልጣል። በልደት የምስክር ወረቀቱና በዲፕሎማው ላይ «ኃይሉ» የሆነ ሰው ከእርስዎ ፕሮግራም «ሀይሉ» ተብሎ የታተመ ወረቀት ቢቀበል፣ ሁለቱ ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን የማስረዳቱ ድካም የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው። ደግሞም በመዝገቡ ውስጥ የትግርኛ ስም ሊኖር ይችላል፤ በትግርኛ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ዐ» እና «አ» በድምፅም ይለያያሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ትርፍ የመሰለው ሆሄ ለሌላው ትርፍ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ «የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እያለ በስም መፈለግ ለምን?» የሚል ነው። ቁጥር ካለ በቁጥር መፈለግ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የድሮው መዝገብ ቁጥር የለውም፤ ቁጥሩን ረስቶ የሚመጣ ሰው አለ፤ ቁጥሩ ሲገባም ይሳሳታል። በስም የሚደረገው ፍለጋ እነዚህ ሲገጥሙ ነው የሚያስፈልገው።

3. የላቲኑን ወገን ያዘጋጁ

በፓይተን ለማነጻጸር «ኬዝፎልድ»ን ይጠቀሙ። ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ከ«ሎወር» ጋር ውጤቱ አንድ ነው፤ ለአንዳንድ የአውሮፓ ፊደላት ግን ይበልጥ የተሟላ ነው። ፕሮግራሙ በጃቫ ከተጻፈ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እዚያ ትንሽ ፊደል የማድረጉ ትእዛዝ የማሽኑን የቋንቋ ምርጫ ይከተላል። ሰርቨሩ በቱርክኛ ከተስተካከለ ካፒታሉ አይ ነጥብ ወደሌለው ትንሽ ፊደል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ በካፒታል የገቡ ኢብራሂሞችና ኢስማኢሎች በፍለጋ አይገኙም። ትእዛዙን ሲጽፉ «ሩት» የሚባለውን ገለልተኛ ሎኬል በግልጽ ይስጡት።

ቀጥሎ የኦሮምኛው ሁዻ አለ። ይህ ከላይ የሚንጠለጠል ጭረት በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ውስጥ ድምፅ ያለው ፊደል ነው፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን ቢያንስ በሦስት መልክ ይገባል፦ ከኪቦርድ ቀጥ ያለው፣ ከወርድና ከስልክ የታጠፈው፣ አልፎ አልፎም ለፊደልነት የተመደበው የዩኒኮድ ምልክት። ሦስቱን በሰንጠረዡ ወደ ቀጥታው ይመልሱ፤ አይሰርዟቸው። ስምን ለማሳመር የፓይተኑን «ታይትል» ወይም የፖስትግሬሱን «ኢኒትካፕ» አይጠቀሙ። ሁለቱም ጭረቱን የቃል ወሰን አድርገው ስለሚቆጥሩ ከሁዻ በኋላ ያለውን ፊደል ካፒታል ያደርጉታል፤ በቃሉ መካከል ካፒታል የተተከለበት የኦሮምኛ ስም የሚወጣው ከዚህ ነው። የሚደጋገሙ ፊደላትንም ወደ አንድ አያጥፉ። በኦሮምኛ አናባቢው ሲደረብ «ላፋ» (ለስላሳ)፣ ሳይደረብ «ለፈ» (መሬት) ይሆናል፤ ተነባቢው ሲጠብቅም «በዳ» (መጥፎ) «በዳ» ጠብቆ (ደጋ) ይሆናል። ጸሐፊው መደረቡን ረስቶት ይሆናል ብለው ከሰጉ፣ ጠበቅ ያለው ቁልፍ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ብቻ የሚሞከር ሁለተኛ፣ ላላ ያለ ቁልፍ ይጨምሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን የኤክስ ፊደል ነው። አሕመድ የሚለው ስም በሶማሊኛ ሲጻፍ ለ«ሐ» ድምፅ ኤክስ ይገባበታል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ኤች ነው። ስለዚህ «ኤክስን ወደ ኤች የሚለውጥ መስመር ልጨምርና ልገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በሶማሊኛ ብቻ በተጻፈ መዝገብ ይህ ይሠራል። በድሬ ዳዋ ግን በዚያው ዓምድ ውስጥ በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ አለ፤ በቁቤ ኤክስ «ጠ» ነው። «ጣፊ» (ጤፍ) የሚለው ቃል በዚያ መስመር ሲያልፍ «ሃፊ» ይሆናል። ሲ የሚለው ፊደልም እንዲሁ ነው፦ በሶማሊኛ «ዐ»፣ በቁቤ «ጨ»። አንድ ፊደል በአንድ ከተማ ሁለት ድምፅ ስላለው አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ሁለቱንም ሊያገለግል አይችልም። መፍትሔው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ስሙ የተጻፈበትን ቋንቋ የሚጠይቅ አንድ ምርጫ ማስገባትና ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ሰንጠረዥ መስጠት ነው። ቋንቋው ካልታወቀ ኤክስንም ሲንም ሳይነኩ ካፒታሉን ብቻ ያስተካክሉ፤ ያልተነካ ፊደል ፍለጋን ያጎድላል እንጂ የሌላ ሰው ስም አይፈጥርም።

አናታቸው ላይ ምልክት ያለባቸው ፊደላት ብዙ አያስቸግሩም። የከተማዋ ስም በፈረንሳይኛ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ኢ ጭረት አለው፣ በሁለቱ ቃላት መካከልም ሰረዝ ይገባል። ለቁልፉ ምልክቱን ከፊደሉ ለይተው ይጣሉት፤ ሰረዙን በክፍት ቦታ ይተኩት።

4. የግዕዙን ሰንጠረዥ ይጻፉ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተሰለፈው ስምንት ስምንት እየሆነ ነው፦ ሰባቱ ፊደላት፣ ስምንተኛው ለዲቃላ። ይህ ሥርዓት ሥራውን ያቀልልዎታል። «ሐ» ከ«ሀ» በ16፣ «ኀ» ከ«ሀ» በ128፣ «ዐ» ከ«አ» በ48፣ «ፀ» ከ«ጸ» በ8 ይበልጣሉ፤ «ሠ» ከ«ሰ» በ16 ያንሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥንድ ከአንድ እስከ ሰባት የሚዞር አጭር ሉፕ ሰንጠረዡን ይሞላዋል። በእጅ እየጻፉ መሙላት ግን የስሕተት መንገድ ነው፤ «ሕ»ን ረስቶ «ሐ»ን ብቻ ያስገባ ሰንጠረዥ «አሕመድ»ን አያገኝም።

ሉፑን ሰባት ላይ ያቁሙት። ስምንተኛው ቦታ በሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም። የ«ሐ» ስምንተኛ «ሗ» ነው፤ ከእርሱ 16 ሲቀነስ የሚመጣው ግን «ሇ» የሚባለው ሌላ ሆሄ ነው፤ ትክክለኛው አቻው «ኋ» ነው። የ«ዐ» ስምንተኛ ቦታ ጭራሽ ባዶ ነው። «ሧ» እና «ሷ» ብቻ በደንቡ ይገጥማሉ። ስለዚህ እነዚህን ሁለት፣ «ሗ»ን ወደ «ኋ»፣ «ሧ»ን ወደ «ሷ»፣ በተናጠል ይጻፉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ራብዑ ነው። በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» በድምፅ አይለያዩም፤ ስለዚህ «ሃ» ወደ «ሀ»፣ «ኣ» ወደ «አ» መሄድ አለባቸው። ሰንጠረዡን በጽሑፉ ላይ የሚያውለው የፓይተኑ «ትራንስሌት» ግን ጽሑፉን የሚያየው አንዴ ብቻ ነው። ሉፑ «ሓ»ን ወደ «ሃ» ከላከው እዚያው ይቆማል፤ «ሃ» ወደ «ሀ» የሚለው መስመር አይደርሰውም። «ሓ»፣ «ኃ»፣ «ዓ» ሦስቱም በቀጥታ ወደ መጨረሻው ማረፊያቸው ይላኩ። ቀጥሎም «ጐ»ን ወደ «ጎ»፣ «ቈ»ን ወደ «ቆ»፣ «ኰ»ን ወደ «ኮ»፣ «ኈ»ን ወደ «ሆ»፣ «ጕ»ን ወደ «ጉ»፣ «ቍ»ን ወደ «ቁ»፣ «ኵ»ን ወደ «ኩ»፣ «ኍ»ን ወደ «ሁ» ይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ድካም ተገቢ መሆኑን በሁለት ስም ብቻ መመዘን ይቻላል። «ፀሐይ» የሚለው ስም ሁለት የ«ጸ» ምርጫና ስድስት የ«ሀ» ምርጫ ስላለው በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» ስድስት የ«ሀ»፣ ሁለት የ«ሥ»፣ ሁለት የ«ሴ» ምርጫ ሲኖረው 24 አጻጻፍ ይሆናል፤ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፉ ሲታከልበት 48። ጸሐፊው እነዚህን ሁሉ እየሞከረ ይፈልግ ማለት አይቻልም። በአካባቢ ስምም ያው ነው፤ «ለገሃሬ»፣ «ለገሀሬ»፣ «ለገሐሬ» ተብሎ የገባ አድራሻ ያለ ሰንጠረዥ ሦስት ሰፈር ሆኖ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ክብደት አለው። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት ነው፤ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌላ ነው፤ ሰንጠረዡ ይህን ልዩነት ያጠፋል ይላሉ። ልክ ነው፣ በቁልፉ ውስጥ ያጠፋዋል። የሚያስከትለው ኪሣራ ግን ይመዘን። ሰንጠረዡ ሁለት የማይገናኙ ስሞችን ቢያገናኝ በውጤቱ ዝርዝር ላይ አንድ ትርፍ መስመር ይወጣል፤ ጸሐፊው አይቶ ይተወዋል። ሰንጠረዡ ባይኖር ግን ያለ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል፤ የሕክምና ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው አጻጻፍ በራሱ ዓምድ ስላለ ደግሞ የጠፋ ልዩነት የለም። እንዲያውም በውጤቱ ዝርዝር ላይ ከተጻፈው ጋር በትክክል የሚገጥመውን አስቀድሞ ማሰለፍ ይቻላል።

ወደ ሰንጠረዡ የማይገቡትንም ይወቁ። «ኸ»ን ወደ «ሀ» ማጠፍ ያጓጓል፤ ግን አንዳንዱ ጸሐፊ በ«ከ» ቦታ ስለሚጽፈው የትኛውን እንደሚተካ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ይቅር። «መሐመድ» እና «ሙሐመድ» የሚለያዩት በአናባቢ ነው፤ ይህ የሆሄ ሳይሆን የአነባበብ ልዩነት ስለሆነ በሌላ ስልት ይታይ። ለእንግሊዝኛ ታስበው የተሠሩት የድምፅ መመሳሰያ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ሳውንዴክስ፣ ለግዕዝ ፊደል አይሠሩም።

5. ነጥቦችንና ቁጥሮችን ያጽዱ

ሁለት ነጥብ «፡»፣ የእንግሊዝኛው ኮለን፣ ድርብ ክፍት ቦታና የማይሰበረው ክፍት ቦታ ለቁልፉ ሁሉም አንድ ክፍት ቦታ ይሁኑ። በስም ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ ደግሞ ከቁልፉ ጨርሶ ያውጡት፤ «ገብረ ሚካኤል» እና «ገብረሚካኤል» የሚገናኙት ያን ጊዜ ነው።

የግዕዝ ቁጥርን ግን በዚህ ሰንጠረዥ አይንኩ። «፲፪» አሥራ ሁለት ነው፤ ምልክት በምልክት ቢተኩት «፲» 10፣ «፪» 2 ሆነው «102» ይወጣል። ፓይተንም እዚህ ላይ ያታልላል፦ «፩» አሃዝ ነው ወይ ተብሎ በ«ኢዝዲጂት» ሲጠየቅ አዎን ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል ግን ስሕተት ያወጣል። ለቁጥሩ ራሱን የቻለ ፈንክሽን ይጻፉለት።

6. ሰንጠረዡን በአንድ ቦታ ይትከሉ

ሰንጠረዡ በፕሮግራሙም በዳታቤዙም ሁለት ቅጂ ከሆነ ውሎ አድሮ ይለያያሉ፤ በአንዱ የተሠራ ቁልፍ በሌላው አይገኝም። አንዱን ይምረጡ። ብዙ ፕሮግራም አንድ ዳታቤዝ የሚጋራ ከሆነ በዳታቤዙ ውስጥ ማድረግ ይሻላል፦ በፖስትግሬስ ቁልፉን ከስሙ በራሱ የሚያመነጭ ዓምድ ከፍተው ኢንዴክስ ያድርጉበት። የፖስትግሬሱ «ትራንስሌት» ግን ከፓይተኑ የተለየ ጠባይ አለው። ሁለት የፊደል ሰልፍ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካጠረ ትርፎቹን ፊደላት ከጽሑፉ ውስጥ ዝም ብሎ ይሰርዛቸዋል። አንድ ሆሄ ቢረሱ «ፀሐይ» «ጸይ» ሆና ልትቀር ትችላለች፤ ማንም አይነግርዎትም። የፓይተኑ «ሜክትራንስ» ያልተመጣጠነ ሰልፍ ሲሰጡት ወዲያው ይጮኻል። ስለዚህ ሁለቱን ሰልፎች በፓይተን አመንጭተው፣ ርዝመታቸውን አመሳክረው ወደ ፖስትግሬስ ይውሰዷቸው።

ዳታቤዙ ሲፈጠር ሎኬሉ «ሲ» ተብሎ ከሆነ «ሎወር» ከተራው የእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን አይለውጥም፤ ምልክት ያላቸው ካፒታሎች እንዳሉ ይቀራሉ። ፋይል በሊኑክስ ትእዛዝ ለማጽዳት የሚያስቡ ደግሞ «ቲአር»ን ይተዉት። በባይት ስለሚሠራና አንድ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ ሆሄውን ቆራርጦ ያበላሸዋል።

7. ይፈትኑት

ሦስት ፈተና ይበቃል። አንደኛ፣ በሰንጠረዡ ያለፈውን ቁልፍ እንደገና በሰንጠረዡ ያሳልፉት፤ ውጤቱ ከተለወጠ «ሓ» ወደ «ሃ» ሄዶ እንደቆመው ያለ መንገድ ላይ የቀረ መስመር አለ። ሁለተኛ፣ ከላይ ያሉትን 12 የ«ፀሐይ» አጻጻፎች በፕሮግራም አመንጭተው ሁሉም ወደ አንድ ቁልፍ መምጣታቸውን ይዩ፤ በዚያው «ተስፋ» እና «ጠስፋ»ን የመሰሉ መገናኘት የሌለባቸውን ጥንዶችም ያስገቡ። ሰንጠረዥ ብዙ ስላገናኘ ብቻ ጥሩ አይባልም። ሦስተኛ፣ በእውነተኛው ናሙና ላይ አሂደው አንድ ቁልፍ የሚጋሩትን የተለያዩ አጻጻፎች ያውጡና በየቋንቋው ለሚያነብ ሰው ያሳዩ፤ አማርኛውን ለአማርኛ አንባቢ፣ ቁቤውን ለኦሮምኛ አንባቢ፣ ሶማሊኛውን ለሶማሊኛ አንባቢ። አንድ ፕሮግራመር ብቻውን የሦስቱንም ስሕተት ሊያይ አይችልም።

8. ቁልፉን ለሚገባው ሥራ ብቻ ይጠቀሙ

በቁልፉ ላይ «እንዳይደገም» የሚል ክልከላ አያድርጉ፤ ሐሰን መሐመድ አሊ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀበሌ መኖራቸው የተለመደ ነው። ቁልፋቸው ስለገጠመ ብቻ ሁለት መዝገቦችን በራሱ የሚያዋህድ ፕሮግራምም አይጻፉ። ቁልፉ ዕጩዎችን ያቅርብ፤ የትውልድ ዘመን፣ የእናት ስም፣ ስልክ ይታዩ፤ ውሳኔው የሰው ይሁን። ለሰንጠረዡም የዕትም ቁጥር ይስጡትና ቁጥሩን ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር ያስቀምጡ። አንድ መስመር በጨመሩ ቁጥር የቆዩት ቁልፎች በሙሉ ከዋናው ስም እንደገና ይመንጩ፤ ይህን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ባክአፕ ከወሰዱ በኋላ ያድርጉት።